የጋሽ ቀስ ወንበር

የምኖረው ስቶክሆልም ውስጥ፣ ሰማያዊው የቱነልባና፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ መስመር በሚያልቅባት አካላ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞሩ መርዳት ነው፤ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒታቸውን አስታውሳለሁ። ጥንቁቅ ሴት ነኝ። ከቤት ስወጣ ምድጃውን ሁለት ጊዜ አያለሁ፤ ቆልፌ ደረጃውን ከጀመርኩ በኋላ እንኳ ተመልሼ የበሩን እጀታ እገፋለሁ። ጸሎቴም እንደዚሁ ነበር። የማስበውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ካልጠራሁ ለአደጋ የተውኩት ይመስለኝ ነበር። ከእናንተም መካከል የሚወደውን ሰው በሐሳቡ ጨብጦ የሚያድር ካለ፣ ይህን የማወራው ለእሱ ነው።

እኅቴ ሰብለ በእኔ እጅ ያደገች ናት። እናታችን ስታርፍ ገና የወተት ጥርሷን አልነቀለችም ነበር። ተማረች፣ አገር ቤት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ሆነች፤ ከዚያም ለዶክትሬት ደቡብ ሕንድ ወዳለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሄደች። የምታጠናው የአፈር ሳይንስ ነው። አፈር እንደሚተነፍስ ያወቅሁት ከእሷ ነው። ከየማሳው የመጣ አፈር በብርጭቆ ማሰሮ ታሽጎ ይቀመጣል፤ እሷ ሰዓቱን ጠብቃ ምን ያህል እንደተነፈሰ ትለካለች። አንድ ልኬት ካመለጣት የወራት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ሰንበትም ሆነ በዓል ከላቦራቶሪው አትጠፋም። "እታለም፣ አፈር ዓመት በዓል አያውቅም" ትለኛለች ስቆጣት።

ሁለታችን አንድ ልማድ አለን። በየቀኑ፣ እኔ ጋ ጠዋት እሷ ጋ ከሰዓት ሲሆን፣ በቪዲዮ ተደዋውለን የዕለቱን ጸሎት ተራ በተራ እናደርሳለን። አንዱን ክፍል እኔ፣ ቀጣዩን እሷ። እሷ ስልኳን የላቦራቶሪው ጠረጴዛ ላይ ትደግፈዋለች፤ እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ወጥ ቤቴ መስኮት ሥር እቆማለሁ። ሲያልቅ ወሬ ነው።

ወሬው ሁልጊዜ ስለ ትምህርት ክፍሉ ሰዎች ነው። ሰብለና አብረዋት የሚማሩት ሁለት ኢትዮጵያውያን ለመምህራኑ በሙሉ የአማርኛ ስም አውጥተውላቸዋል፤ አጠገባቸው ቆመው እንደ ልብ እንዲያሟቸው። አማካሪዋ "አባ ገባሽ" ናቸው፤ ያለ "ገባሽ ወይ?" ዓረፍተ ነገር ስለማይጨርሱ። በበጋም በክረምትም ጃንጥላ የማይለያቸው ሴት ፕሮፌሰር "እሜቴ ጃንጥላ" ተብለዋል። ሁለቱ በአንድ ማቀዝቀዣ ምክንያት ከተኳረፉ መቆየታቸውን፣ ሻይ እንኳ በተለያየ ሰዓት እንደሚጠጡ አውቃለሁ። ከሁሉም የሚያስቀን ግን "ጋሽ ቀስ" ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላም ወደ ትምህርት ክፍሉ መምጣት ያልተዉ ሽማግሌ ናቸው። ልባቸውን ስለሚያማቸው ደረጃ የሚወጡት እያረፉ ነው፤ የኋላው ደረጃ እጥፋት ላይ ማረፊያ ወንበር ሳይቀር ተቀምጦላቸዋል። ከኋላቸው የደረሰ ሁሉ ቀድሞ ማለፉን ነውር ስለሚያደርገው ተሰልፎ ይከተላቸዋል።

"ዛሬ ደግሞ ስድስት ሰው አስከትለው ወጡ፤ ታቦት የሸኘን ነው የመሰለን" አለችኝ አንድ ቀን።

"ተይ አንቺ፣ በታቦት አይቀለድም" አልኳት። ሳቄ ግን አመለጠኝ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ የዚያን ትምህርት ክፍል ሰው ሁሉ እንደ ጎረቤት አወቅሁት። ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን ምሳውን በልቶ እንደሚያሸልብ አውቃለሁ። እውነተኛ ስማቸውን ግን አንዱንም አላውቅም ነበር። ማወቅ እንደሚያስፈልገኝም አስቤ አላውቅም።

ያ ቀን የሕንዶች የመብራት በዓል የሚውልበት ነበር። ዩኒቨርሲቲው ጭር ብሏል፤ ሁለቱ ጓደኞቿም በዓሉን ሌላ ከተማ ያሉ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ሊያሳልፉ ሄደዋል። ሰብለ ሰሞኑን ትኩሳት ነበረባት። ስክሪኑ ላይ ሳያት ዓይኗ ጠልቋል፤ ከንፈሯ ደርቋል።

"ሐኪም ቤት ሳትሄጂ ነው?" አልኳት።

"ማሰሮዎቹን ልለካና እሄዳለሁ። ድካም ነው፣ እታለም፤ አታካብጂው።"

"ድካም እንዲህ አያገረጣም።"

"በይ ጀምሪ፣ ሰዓቱ እንዳይደርስብኝ።"

ጀመርኩ። የእኔን ክፍል ጨርሼ ተራዋን ጠበቅሁ። አንዳንዴ ገጹ ስለሚጠፋት ዝም ስትል አላስተዋልኩም። ከዚያ በርጩማ ሲወድቅ ሰማሁ። ስልኩ ተገለበጠ። የስክሪኔ ምስል ተዟዙሮ ሲቆም የሚታየኝ ጣሪያና ጣሪያው ላይ የሚሽከረከር ማራገቢያ ብቻ ሆነ።

"ሰብለ" አልኩ። ቀስ ብዬ ነበር የጠራኋት፤ ጮክ ብል የሆነውን ነገር እውነት የማደርገው መሰለኝ። ከዚያ ጮክ አልኩ። ከዚያ ጮህኩ። መልስ የለም። ማራገቢያው ይዞራል። ከሩቅ ርችት ይፈነዳል፤ በፈነዳ ቁጥር የተንቀሳቀሰች እየመሰለኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እለጥፋለሁ። መሬት ላይ ወድቃ ይሁን ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አላውቅም። ከእኔ አንድ ክንድ የምትርቅ ይመስላል፤ ግን ስልኩን ትንሽ ዘንበል አድርጌ ፊቷን እንኳ ማየት አልችልም። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት እጅ እንደሌለኝ የተሰማኝ ጊዜ የለም።

ማራገቢያው ዝግ እያለ፣ ዝግ እያለ ሄደ። ቆመ። መብራት ሄዶ ነበር። ከመብራቱ ጋር ኢንተርኔቱም ሄደና ስክሪኔ ጠቆረ። ደግሜ ስደውል "ማግኘት አይቻልም" የሚል የሴት ድምፅ ብቻ መለሰልኝ።

ሰው ሲጨንቀው የሚያደርገውን አያውቅም። የዚህን አገር የአደጋ ጊዜ ቁጥር ደወልኩ። አንዲት ሴት ረጋ ባለ ድምፅ፣ "የት ነው አደጋው? በየትኛው ወረዳ?" አለችኝ።

"ሕንድ ነው" አልኳት።

"የእኔ እመቤት፣ እዚያ አምቡላንስ ልልክልሽ አልችልም" አለች። አልተቆጣችም፤ አላሾፈችም። እዚያ አካባቢ የምታውቂው ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ይኼኔ ነው ያለቀስኩት። ስንቱን አውቃለሁ! እሜቴ ጃንጥላን አውቃለሁ፤ አባ ገባሽን አውቃለሁ።

የዩኒቨርሲቲውን ድረ ገጽ ከፈትኩ። የትምህርት ክፍሎቹ ብዛት መዓት ነው፤ የሰብል፣ የነፍሳት፣ የእንስሳት፣ የውኃ። የአፈሩን እስካገኝ ስንቴ ተሳሳትኩ። ሳገኘው የመምህራኑ ፎቶ በሰማያዊ መደብ ተደርድሮ መጣ። ወንዶቹ ሁሉ ሪዝና መነጽር አላቸው፤ ሴቶቹ ሁሉ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ አስረዋል። የትኛው ነው አባ ገባሽ? ማናቸው ናቸው እሜቴ ጃንጥላ? ጃንጥላ ይዞ ፎቶ የተነሣ ሰው የለም። ከእያንዳንዱ ስም ሥር የሠሩት ምርምር ተዘርዝሮ ወርዷል፤ ስለ ናይትሮጅን፣ ስለ ጨዋማ መሬት፣ ስለ ትል። ያን ሁሉ በጣቴ እየገፋሁ ወደ ታች ስልክ ቁጥር ፍለጋ እወርዳለሁ፤ የማገኘው የኢሜይል አድራሻ ነው። ለሁሉም ጻፍኩ። አንዱ ወዲያው መለሰልኝ፤ ኮምፒዩተሩ በራሱ የሚልከው መልእክት ኖሮ ብርሃን የተሞላ በዓል ይመኝልኛል። የጽሕፈት ቤቱ ስልክ ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ።

ገጹ መጨረሻ ላይ፣ ጡረታ የወጡ ፕሮፌሰሮች ከተዘረዘሩበት፣ አንድ የደበዘዘ ፎቶ አለ። ፀጉሩ ጥቁር የሆነ ጎልማሳ ነው። ገጹን ከድሮ ጀምሮ የነካው ሰው ስለሌለ ይመስለኛል፣ የእሱ ብቻ የእጅ ስልክ ቁጥር ነበረው። ደወልኩ። ጠራ። ሊዘጋ ሲል ተነሣ።

የሚያቃስት የሽማግሌ ድምፅ ነበር። ያለኝን እንግሊዝኛ ሁሉ አንድ ላይ አወጣሁት፤ መሐሉ ላይ ስዊድንኛው እየገባ፣ እኅቴ፣ ላቦራቶሪ፣ ወደቀች፣ መብራት ጠፋ።

"ቀስ፣ ማዳም" አሉ። "ቀስ በይ። ከመጀመሪያው ጀምሪና ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።"

ከዚያ ሁሉ ሰው ማን እንደ ደረሰኝ ያን ጊዜ አወቅሁ። ጌታ ይቅር ይበለኝና፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ተስፋ መቁረጥ ነው። ምነው ሌላ ሰው ባገኘሁ አልኩ።

ነገርኳቸው። ኢትዮጵያዊቷን ልጅ በደንብ እንደሚያውቋት፣ እሳቸው ግን ለበዓሉ ልጃቸው ቤት፣ ሌላ ከተማ መሆናቸውን ነገሩኝ። ከዩኒቨርሲቲው የአንድ ሌሊት የባቡር መንገድ ይርቃሉ።

"እኔም እንዳንቺው ሩቅ ነኝ" አሉ። "ግን የቤቱ ስልክ አለ። ይህን አትዝጊው፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ።"

አስቀመጡት። መነጽራቸውን ሲፈልጉ ሰማሁ። ሲያገኙት ሰማሁ። ቁጥሩን አንድ ባንድ ሲጫኑ፣ አንዱን ተሳስተው እንደገና ሲጀምሩ ሰማሁ። ያነሣላቸው የግቢው ጥበቃ ኃላፊ እንደሆነ በኋላ ነገሩኝ። በቋንቋቸው ማውራት ጀመሩ፤ አንዲት ቃል አይገባኝም፤ ግን ድምፅ ይታወቃል። በዓሉ እንዴት ነው፣ ልጆቹ ደኅና ናቸው እያሉ ነበር። ሳቅም አለበት። የነጠላዬን ጫፍ ነከስኩ። በእኛም አገር ቢሆን እሳት ልትጭር የመጣች ጎረቤት እንደምን አደራችሁ ሳትል አመዱን አትገልጥም፤ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን ይህን ማወቄ አልጠቀመኝም። የእኔ ቤት ነበር የሚነደው።

ተመልሰው፣ "ሰውየው ወደ ፎቁ እየወጣ ነው። እንጠብቅ" አሉኝ።

እንጠብቅ። ከዚህ ሌላ የምናደርገው አልነበረም፤ እሳቸውም እኔም። ጸሎቱን ከቆመበት ልቀጥል ሞከርኩ። የቆመው የሰብለ ተራ ላይ ነው። የእሷን ክፍል እኔ ባደርሰው፣ ከእንግዲህ አትመጣም ያልኩ መሰለኝና አፌ እንቢ አለ። መስኮቱ ሥር እንደ ቆምኩ ቀረሁ። ውጪ አንዱ የሕፃን ጋሪ እየገፋ ወደ ባቡሩ ይሄዳል። ቀኑ ለሁሉም እኩል አለመሆኑ ገረመኝ።

ሽማግሌው ዝምታው ሲከብደኝ ሳይሰማቸው አልቀረም። "ማዳም፣ እኅትሽ በየጠዋቱ በአገራችሁ ቋንቋ በአንድ ስም ትጠራኛለች። ጋሽ ቀስ። በረከት ነው?" አሉ።

ምን ልበላቸው? መዋሸት አልወድም፤ እንደዚያ ባለው ሰዓት ደግሞ ፈራሁ። "ጋሽ ማለት ለታላቅ ሰው የሚባል ነው፤ እንደ አባት፣ እንደ ታላቅ ወንድም" አልኳቸው።

"ቀስ ማለትስ?"

"የማይቸኩል ሰው።"

ሳል የሚያቋርጠው ሳቅ ሳቁ። "ተማሪዎቼ በአራት ቋንቋ እንዲህ ብለውኛል። አባት የሚለውን የጨመረችበት እሷ ናት" አሉ።

የቤቱ ስልክ ጮኸ። አነሡት። አሁን ሳቅ የለበትም። አጭር አጭር ይጠይቃሉ። ከዚያ ወደ እኔ መጡና ለመናገር ቆዩ። እኔ የማውቃቸው ሰዎች በሙሉ መርዶ ሲያረዱ ነው እንዲህ የሚቆዩት።

"ማዳም፣ ላቦራቶሪው ውስጥ የለችም" አሉ። "በርጩማው ወድቋል። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ነው። እሷ የለችም።"

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ወድቃ መቅረቷን ለምጄው ነበር ልበል? አሁን ደግሞ የት እንደ ወደቀች የሚያውቅ የለም። አምላኬን ምን ብዬ እንደምለምነው ጠፋኝ። በስም የምጠራው ቦታ እንኳ የለኝም።

ጋሽ ቀስ ወደ ቤቱ ስልክ ተመለሱ። አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ መልሱን ሰሙ። ረጅም ነገር ተናገሩ፤ በጣም ቀስ ብለው፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው። ከዚያ ለእኔ፣ "በየትኛው ደረጃ እንደ ወጣ ጠየቅሁት። በፊት ለፊቱ ነው። የኋላው ደረጃ ለላቦራቶሪው ይቀርባል። እዚያ እጥፋት ላይ ወንበሬ አለች። ጉልበት የከዳው ሰው ከዚያ አያልፍም" አሉኝ።

ጠበቅን። የእሳቸው ትንፋሽ ይሰማኛል፤ ከባድ፣ የታመመ ሰው ትንፋሽ። የእኔም ለእሳቸው ይሰማቸው ነበር መሰለኝ። ከቤታቸው የሕፃናት ጫጫታ ይመጣል፤ አንድ ሰው ለምግብ ሲጠራቸው በቁጣ መለሱለት።

"አግኝቷታል" አሉ በመጨረሻ። "ወንበሯ ላይ ናት።"

"ትተነፍሳለች ወይ? መተንፈሷን ይጠይቁልኝ።"

ጠየቁ። ሰውየው መልስ እስኪሰጥ ያለፈውን ጊዜ አልነግራችሁም፤ ልነግራችሁም አልችልም።

"ትተነፍሳለች፣ ማዳም።"

በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰዷት። በሽታው ትንኝ የሚያስተላልፈው ዴንጊ የሚባል ትኩሳት ነበር። መብራት ሲጠፋ ነቅታ፣ መስኮት በሌለው ጨለማ መተላለፊያ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ እስከዚያች ወንበር ደርሳ፣ እዚያ እንደገና ራሷን ስታለች። ሐኪሞቹ "ብትዘገይ ኖሮ" ብለው ያሉትን ጋሽ ቀስ አልተረጎሙልኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ያ ሁሉ ግን መጨረሻው አልነበረም። በየቀኑ የደሟ ሴል ቁጥር ይወርድ ነበር። ሕንድ ለመግባት ቪዛ ጠይቄ መልስ የለም። ጠዋት ለሥራ ሱንድቢበሪ ወደሚባለው ሰፈር ሄጄ የሰው እናት ገላ አጥባለሁ፤ የእኔን ልጅ ፊት ማን እንደሚያብስላት አላውቅም። በኋላ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። እሷ አጠገብ እያደሩ ያሉት ሴት ፕሮፌሰር ናቸው፤ ስማቸው ላሊታ ነው። "ከኋላዎ የሚሰማው ዝናብ ነው?" አልኳቸው። "አዎ፤ ደግነቱ ጃንጥላ አይለየኝም" አሉኝ። ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ የተኛሁት።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ የሰብለን የክርስትና ስም ለጸሎት ሰጠሁ። ዲያቆኑ ሌላ ካለ አለኝ። አንድ ሽማግሌ አሉ አልኩት። የክርስትና ስማቸውን ሲጠይቀኝ የላቸውም አልኩ። ዲያቆኑም የሚያደርገው ጠፋው፤ እኔም ተውኩት። እኔ ራሴ ጥግ ላይ ቆሜ፣ ከድረ ገጹ ያየሁትን ስማቸውን በቀስታ ጠራሁ። ሴሻድሪ። ትክክል ይሁን አይሁን የሚያውቀው አምላክ ነው።

ሰብለ ተነሥታ መቀመጥ የቻለች ቀን ላሊታ በቪዲዮ አገናኙን። ፊቷ አጥንት ሆኗል። ብዙ ላወራት አልፈለግሁም፤ እንጸልይ አልኳትና የዕለቱን ከመጀመሪያው ልጀምር አፌን ስከፍት እጇን አነሣች።

"እታለም" አለች፣ ድምፅ በሌለው ድምፅ። "የእኔ ተራ ነበር።"

የወደቀችበትን ቀን ጸሎት፣ ካቆምንበት፣ ቀጠለች።

ይህ ከሆነ ቆይቷል። ማሰሮዎቹ ሁሉ ከንቱ ሆኑ፤ እንደ አዲስ አፈር አምጥታ ጀምራለች። የመምህራኑን ሁሉ እውነተኛ ስም እንድትነግረኝ አድርጌ በቃሌ ይዣለሁ። እናንተም የራቃችሁ ሰው ካለ፣ አጠገቡ የሚውለውን ሰው ስም ጠይቁት፤ ሐሜቱ ብቻ አይበቃም። ከዚህ የበለጠ ምክር የለኝም። ምድጃዬን አሁንም ሁለት ጊዜ አያለሁ።

ፕሮፌሰር ሴሻድሪ በየበዓሉ ይደውሉልኛል። የራሴን፣ የሥራዬን፣ የበረዶውን፣ አንድ በአንድ ይጠይቃሉ፤ አላቻኩላቸውም። ወንበሯ አሁንም እዚያው ናት፤ ሰብለ ስታልፍ ትነካታለች።

አንድ ነገር ግን አልተወኝም። በየጠዋቱ የእኔን ክፍል ጨርሼ ተራዋን ስጠብቅ፣ ድምፅዋ ከመምጣቱ በፊት አንዲት ትንሽ ዝምታ አለች። ድሮ አላስተውላትም ነበር። እዚያች ዝምታ ውስጥ ገብቼ የማደርገው ምንም ነገር የለም። ቆሜ እጠብቃለሁ። ከዚያ ትጀምራለች።